ለቡና የተነገረ

በቴሌቪዥን የውይይት ዝግጅቶች ላይ፣ በአቅራቢዋና በእንግዳው መካከል ካለችው ዝቅተኛ ጠረጴዛ የሚቀመጡት ትልልቅ ኩባያዎች ትኩስ ቡና የያዙ ይመስላሉ። የያዙት ውኃ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ምንም አልያዙም። ኩባያዎቹን አጥቦ፣ የጣቢያው ዓርማ ወደ ካሜራው እንዲዞር አድርጎ ማስቀመጥ የተለማማጅ ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከናይሮቢ የግል ጣቢያዎች በአንዱ ይህን ድርሻ ለሦስት ወራት የተወጣችው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ ወላጆቿ ከአዲስ አበባ ይዘዋት ሲመጡ ገና ፊደል ያልቆጠረች፣ እንግሊዝኛና ስዋሂሊን ከትምህርት ቤትና ከመንገድ፣ አማርኛን ግን ከእናቷ ጓዳ የተማረች ነበረች።

ኬንያውያን ይህን ዓይነቱን ልምምድ «አታችመንት» ይሉታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በሚማረው ሙያ መሥሪያ ቤት ተመድቦ የሚቆይበት፣ ደመወዝ የሌለው፣ የመጓጓዣ ሒሳብ ከተገኘበትም እንደ ምርቃት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ተለማማጁ የዕለት ሥራውን የሚያሰፍርበት መዝገብ ይይዛል፤ የቅርብ አለቃው በየሳምንቱ አስተያየት ጽፎ ይፈርምበታል፤ በመጨረሻም ከመምህሩ እጅ ይገባል። የዚህች ልጅ መዝገብ የመጀመሪያ ገጾች እንግዳን ከዋናው በር መቀበልን፣ በጥበቃው ደብተር ማስመዝገብን፣ ወደ መኳኳያው ክፍል ማድረስን፣ የስምምነት ቅጽ ማስፈረምን፣ የአቅራቢዋን የጥያቄ ካርዶች መተየብን ይዘረዝራሉ። ኩባያ ማጠብ አልተጻፈም፤ እናቷ መዝገቡን ስለምታነብ ይሆናል።

ዘመኑ ለንግግር የተመቸ ነበር። በኬንያ የመጀመሪያው የግል ቴሌቪዥን ጣቢያ ኬቲኤን ሥራ የጀመረው በ1990 ቢሆንም፣ ሰው በሹክሹክታ ይለው የነበረውን በካሜራ ፊት ለማለት የደፈረው በ2002 መጨረሻ በተደረገው ምርጫ የዳንኤል አራፕ ሞይ የሃያ አራት ዓመት አገዛዝ አብቅቶ ምዋይ ኪባኪ ሥልጣን ከያዙ ወዲህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2003 መጀመሪያ፣ ሕዝቡ ፓስፖርት ለማውጣት የሚሰለፍበት የንያዮ ሕንፃ ምድር ቤት ተከፍቶ ታየ። እዚያ የተሠቃዩት ሰዎች ያደሩበትን ጨለማ ክፍልና የተለቀቀባቸውን ውኃ በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ። የውይይት ዝግጅቱ አዘጋጅ በዚያ ወሬ ውስጥ ያደገ፣ ለዚያ ቀን የጓጓ ሰው ነበር፤ የገዛ አጎቱ ከዚያ ምድር ቤት ወጥተው ለዓመታት አፋቸውን ሳይከፍቱ እንደኖሩ በጣቢያው ይወራል። ለእርሱ መናገር ማለት መዳን ማለት ነበር። በመሳቢያው ውስጥ የአሜሪካዊቷ የኦፕራ ዊንፍሬ ዝግጅት የተቀዳባቸውን ካሴቶች ደርድሮ ያስቀምጣል፤ ለተለማማጆቹም እያሳየ «አያችሁ፣ እዚህ ላይ ምንም አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ነው የጠበቀችው» ይላቸዋል። ጥሩ አስተማሪ ነበር፤ ይህን አለመናገር ግፍ ይሆናል።

ከእርሱ የተማረችው ዋናው ነገር ግን ተመልካች ፈጽሞ የማያየው ነው። አቅራቢዋ ከእንግዳዋ ጋር የምትተዋወቀው መብራቱ ሊበራ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ስለ እንግዳዋ የምታውቀው ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ሰፍሮ ቀርቦላታል። ዓይኗን ከፍታ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ስትል፣ ከዚያ የሆነውን ከሁለት ቀን በፊት አንብባዋለች። ወረቀቱን የሚሞላው ቀደም ብሎ እንግዳውን በስልክ ወይም ቤቱ ድረስ ሄዶ ያነጋገረ ሰው ነው፤ ሥራውም ቅድመ ቃለ መጠይቅ ይባላል። እንግዲህ አድማጩ ሌላ፣ ጠያቂዋም ሌላ ናት ማለት ነው። እንግዳ ልቡን የከፈተው ለአንዱ ሆኖ፣ መልሱን የሚጠየቀው በሌላው ነው። በወረቀቱ ግርጌ ደግሞ «የታሪኩ ልብ» የሚል ርእስ ያለው ሦስት መስመር ክፍት ቦታ ነበረ። ያ ቦታ ባዶ ሆኖ የመጣ ወረቀት ተመልሶ ይሰጣል።

ሰኔ ወር ሲቃረብ፣ ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ ጁን 20 ቀን የሚታሰበውን የዓለም የስደተኞች ቀን ምክንያት በማድረግ አንድ ዝግጅት ታቀደ። አዘጋጁ ወደ ተለማማጇ ዞሮ «ያንቺ አገር ሰዎች እዚህ ከተማ ሞልተዋል፤ አንዲት እናት ፈልጊልኝ» አላት። እርሷም በእናቷ ማኅበርተኞች በኩል አፈላልጋ ኢስትሊ የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ አገኘች። የዚያ ዘመን ማታቱ በቀለም ተዥጎርጉሮ፣ ሙዚቃው የመስኮቱን መስታወት እያንቀጠቀጠ ነበር የሚሄደው፤ ከዚያ ጩኸት ወርዳ ጭቃውን ተሻግራ አንድ ደረጃ ወጥታ በሩን ስታንኳኳ፣ የተቀበላት የእንጀራ ምጣድ ጭስና የዕጣን ሽታ ነው።

ወይዘሮዋ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ጤፍ ሲገኝ በጤፍ፣ ሲጠፋ ከማሽላ ዱቄት ጋር እየደባለቁ ነው። ከአገራቸው የወጡት በ1991፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም.፣ ሠራዊቱ ሲበተን ከወታደር ባላቸው ጋር በሞያሌ በኩል ነበር። ስለ ቴሌቪዥን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። እርሳቸው በሚያውቁት ዘመን ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣ ሰው ወይ ሹም ነው፣ ወይ ዘፋኝ ነው፣ ወይ ጥፋተኛ ነው። «እኔ የትኛዋ ልባል ነው?» አሉ። ከዚያ ግን የአሥርና የስምንት ዓመት ወንዶች ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት መጥተው ነገሩን ሲሰሙ ያበዱት እብደት አስማማቸው። ልጆቹ ደስታቸውን ለጎረቤት ሊያወሩ ወጥተው ሄዱ።

ቡናው የተፈላው ልጆቹ ከወጡ በኋላ ነው። በአቦሉ ላይ የተነሣው የጤፍ ዋጋ፣ የቤት ኪራይና የተለማማጇ እናት ዘመዶች ጉዳይ ነበር። ልጅቷ ደብተሯን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ የምትጽፈውን ሁሉ የጨረሰች መስሏት ነበር። ቶናው ሲቀዳ ወይዘሮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ዋልዳ ጀመሩ። ዋልዳ ከሞያሌ ወዲህ፣ ለኢትዮጵያውያኑ ስደተኞች የተዘጋጀ፣ ዛፍ ያልበዛበት ሞቃት ሰፈር ነበር። ድንበሩን ሲሻገሩ የሰባት ወር ሴት ልጅ አዝለው ነበር። ልጅቷ እዚያው ሰፈር በትኩሳት አረፈች። ባላቸው ጉድጓዱን ቆፍረው፣ አውሬ እንዳያገኘው ድንጋይ ከመሩበት። ሰፈሩ ተዘግቶ ሰዉ ወደ ካኩማ በጭነት መኪና ሲወሰድ፣ ወይዘሮዋ ያንን የድንጋይ ክምር እስኪሰወር ድረስ ወደኋላ እያዩ ሄዱ። እዚህ የተወለዱት ወንዶች ልጆቻቸው እኅት እንደነበረቻቸው አያውቁም። «ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?» አሉ፤ «የት ናት ቢሉኝ በየት በኩል አሳያቸዋለሁ?»

ተለማማጇ መምሸቱን አይታ፣ ማታቱ እንዳያመልጣት ብላ በረካውን ሳትጠጣ ተነሣች። ወይዘሮዋ «ሦስተኛውን ሳትጠጪ?» ብለው ነበር። ሌላ ጊዜ እጠጣለሁ አለች።

በማግሥቱ የሆነውን ያደረገችው ራሷ ናት፤ ማንም አላስገደዳትም። «የታሪኩ ልብ» ከሚለው ርእስ ሥር ያሉት ሦስት መስመሮች ባዶ ሆነው ሲያፈጡባት የሰባት ወሯን ሕፃን፣ ድንጋዩንና የጭነት መኪናውን ጻፈች። ወንድሞቿ አለማወቃቸውንም ጨመረች፤ ለምን ቢባል ጽሑፉን ስለሚያጠናክረው ነው። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነበር። አዘጋጁ ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ተቀምጦ ደግሞ አነበበው፤ «ቴሌቪዥን ማለት ይህ ነው» አላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሟን በትክክል ጠርቶ የማያውቅ ሰው ያን ቀን አስተካክሎ ጠራው።

ነቃ ያደረጋት የስልክ ጥሪ ነው። የዝግጅቱን ሰዓት ለማረጋገጥ ወደ ኢስትሊ ስትደውል ስልኩን ያነሣው ታላቁ ልጅ ነበር። በስዋሂሊ እየተጣደፈ፣ ለክፍሉ ልጆች ሁሉ መናገሩን፣ ለመምህሩም መናገሩን፣ ጎረቤት ያለው ቴሌቪዥን ትልቅ ስለሆነ እዚያ ተሰብስበው እንደሚያዩ፣ እርሱና ወንድሙ ፊት ለፊት እንደሚቀመጡ ነገራት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለጥቂት ጊዜ እጇ ከማስቀመጫው ላይ አልተነሣም።

ወደ አዘጋጁ ገባችና ያ አንቀጽ እንዲወጣ ለመነችው። ምክንያቱን ጠየቃት። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር፤ ምክንያቱ በአማርኛ አንድ ቃል ሆኖ በእንግሊዝኛ የሚገኝ አልሆነላትም። ገበና ነው። «ሲክሬት» ነው አለችው፤ ምሥጢር ከሆነ ለምን ለአንቺ ነገሩሽ አላት። «ፕራይቬሲ» አለች፤ ያ ቃል ደግሞ በሩ ላይ «አይግቡ» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ሰው ያስመስላል፤ ወይዘሮዋ ግን በራቸውን ከፍተው ቡና ያጠጡ ናቸው። ነውር አይደለም፤ ልጅ መቅበር ነውር የለውም። ገበና በቤት ውስጥ ያለ፣ የቤቱ ሰው የሚያውቀው፣ የገባ እንግዳም ቢያየው እንዳላየ ሆኖ የሚሸፍነው ነገር ነው፤ ሸክሙ ባለቤት ላይ ብቻ ሳይሆን ባየው ሰው ላይም ይወድቃል። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለመናገር ስትንተባተብ፣ ከጥግ ሽቦ ይጠቀልል የነበረው የድምፅ ባለሙያ፣ የላሙ ደሴት ተወላጅ፣ ቀና ብሎ «ሲታራ ነው የምትለው» አለ። ከዐረብኛ የመጣ የስዋሂሊ ቃል ነው፤ መሸፈኛ፣ መከለያ ማለት ነው። ሰው የሰውን ጉድለት ሲሸፍን «ኩሲቲሪ» ይባላል። የባሕር ጠረፉ ሰው ከደጋው ልጅ ቀድሞ ነገሩ ገባው።

አዘጋጁም ቃሉ አልጠፋውም። ቃሉን ስላወቀው ነው የተቆጣው። «ይህች አገር ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሸፍኑ፣ ዝም በሉ ስትባል ኖራለች» አላት፤ «አሁን አንቺ መጥተሽ በአማርኛ ሸፍኑ ትይኛለሽ?»

ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። በዚያ ዘመን በናይሮቢ ስደተኛ ማለት ወይ ወረቀት የሌለው ሰው ነው፣ ወይ በዕርዳታ ድርጅት መግለጫ ላይ ያለ ቁጥር ነው። የሞተ ልጇን ትታ የሄደች እናት ግን ለኪኩዩውም ለሉዎውም እናት ናት፤ ያንን የሰማ ተመልካች በነጋታው እንጀራ ሻጯን በሌላ ዓይን ያያል። አዘጋጁ ያሰበው ይህንን ነው፤ የማስታወቂያ ገቢንም አልረሳም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተስማምተው መኖር ይችላሉ። ያላየው አንድ ነገር ቢኖር፣ በንያዮ ምድር ቤት የታሠሩትን ዝም ያሰኛቸው ሌላ መሆኑን፣ በኢስትሊ ግን ዝምታውን የመረጡት ባለቤቷ መሆናቸውን ነው። የሁለቱ ዝምታ ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። ተለማማጇ ይህን ያን ጊዜ መናገር አልቻለችም፤ መልሱ የመጣላት፣ እንደ ብዙ መልስ፣ ደረጃውን ከወረደች በኋላ ነው። አንቀጹ ባለበት ቀረ።

በዝግጅቱ ዕለት ወይዘሮዋ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ አዲስ ነጠላ ተከናንበው መጡ። በር ላይ የስምምነቱ ቅጽ ቀረበላቸው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። «ምን ይላል?» አሉ። «የሚናገሩት ሁሉ የጣቢያው እንደሚሆን ነው፣ እትዬ» አለቻቸው። ሳቁና ፈረሙ። የተናገሩት ሁሉ አስቀድሞ የጣቢያው መሆኑን ልትነግራቸው አፏን ከፍታ መኳኳያው ክፍል ተጠሩ።

ካርዶቹን የተየበችው እርሷ ናት። ሰባት ጥያቄ ነበር፤ ስድስተኛው የሕፃኗ ነው። የታተሙት ካርዶች ግን ስድስት ነበሩ። ይህን ጀግንነት ብሎ መጥራት አይገባም፤ የገዛ ስርቆቷን በሌላ ስርቆት መመለሷ ነው፤ እጇም እየተንቀጠቀጠ ነበር። እርሷ ራሷ ለማስተርጎም ከካሜራው ዕይታ ውጭ፣ በወይዘሮዋ ግራ በኩል ባለች በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የመድረኩ አስተባባሪ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ፤ ስርጭቱ በቀጥታ ጀመረ።

አምስቱ ጥያቄዎች በሰላም አለፉ። ወይዘሮዋ ስለ ሞያሌ መንገድ፣ ስለ ካኩማ አቧራ፣ ስለ ምጣዳቸው እያዋዙ ተናገሩ፤ ስቱዲዮው ሁለት ጊዜ ሳቀ። አቅራቢዋ ስድስተኛውን ካርድ አንሥታ የመጨረሻውን ጥያቄ ስታገኝበት ቅንድቧ በጥቂቱ ተሰበሰበ። በዚያች ቅጽበት፣ ከመቆጣጠሪያው ክፍል የአዘጋጁ ድምፅ በጆሮዋ ውስጥ ገባ። ምን እንዳላት ማንም አልሰማም፤ ግን ካርዱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወደ ፊት ዘንበል አለች። የዜና አንባቢ ሆና ያደገች ሴት ናት፤ ያልተጻፈላትን መጠየቅ አልለመደችም። ስለዚህ ጥያቄው ለስለስ፣ ደብዘዝ ብሎ ወጣ፦ በዋልዳ ጥለውት የመጡት አንድ ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ምን እንደሆነ ይነግሩናል?

ተለማማጇ ተረጎመች። ሌላ ማድረግ የምትችለው አልነበረም።

ወይዘሮዋ ወደ አቅራቢዋ አልተመለከቱም። አንገታቸውን ወደ ግራ፣ ወደ በርጩማዋ መለሱ። በቴሌቪዥን አምስት ሰከንድ ዝምታ ረጅም ነው፤ ይህኛው ከዚያ በለጠ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ ሲያደርጉ ጨርቁ ደረታቸው ላይ የተሰካውን ማይክሮፎን አንኳኳው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ መጠየቅ፣ «ልጄ፣ ለቡና የነገርኩሽን ነው? ይኼ እኮ ገበናዬ ነው» አሉ።

አቅራቢዋ በናይሮቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ደንበኛ ነበረች። ከአማርኛ የምታውቃቸው ቃላት ከአምስት አይበልጡም፤ እነርሱም የምግብና የመጠጥ ናቸው። ፊቷ በራ። «ጀበና!» አለች። «ቡናና ጀበና! የቡና ማፍያሽን ነው ጥለሽ የመጣሽው?» ብላ ወደ ተለማማጇ ዞረች፤ «ነው አይደል?»

በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ነው። ተለማማጇ በዚያ ስቱዲዮ ሁለቱንም የሚያውቅ ብቸኛ አስተርጓሚ ነበረች። «አዎን» አለች በእንግሊዝኛ፤ «ጀበናዋን ነው።»

ወይዘሮዋ በገበያ ስዋሂሊና በጥቂት እንግሊዝኛ አሥራ ሁለት ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። ምን እንደተባለ ገባቸው። ጥቂት ቆዩና «አዎ፤ እዚያው ቀረች» አሉ። ይህ ተተረጎመ፤ ቃል በቃል። አቅራቢዋ ሳቀች፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀች፤ ማስታወቂያ ገባ።

ከዝግጅቱ በኋላ አዘጋጁ አልጮኸም። ካርዶቹን ቆጠረ፣ አያት፣ ወጣ። በሳምንቱ መጨረሻ መዝገቧ ላይ የጻፈው፣ ትጉ ብትሆንም የእንግዳን ታሪክ አሟልታ ለማቅረብ ይቀራታል የሚል ነበር። ፈረመበት። ያን ምሽት ዝግጅቱን ያዩ አማርኛ ሰሚዎች በናይሮቢ ጥቂት አልነበሩም፤ ነጠላው ማይክሮፎኑን ቢያንኳኳውም ቃሉን አጥርቶ የሰማ አይጠፋም። ወይዘሮዋን ግን በእንጀራ ርክክብ ላይም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ በልቅሶ ቤትም አንድም ሰው አንሥቶ አልጠየቃቸውም።

ጀበናዋን በተመለከተ ግን ኬንያውያን ተመልካቾች አዝነው ኖሮ ወደ ጣቢያው ደወሉ። በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ጀበና ለጥበቃው በር ላይ ደረሰ፤ ሁለቱ ከምግብ ቤት የተገዙ፣ አንዱ ግን አንዲት የሸክላ ሠሪ ተመልካች ምስሉን አይታ ራሷ የሠራችው፣ ጆሮው በተሳሳተ ጎን የተለጠፈ ነበር። ለባለቤቷ ማድረስ የተለማማጅ ድርሻ ነው ተባለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱንም በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በማታቱ ውስጥ ጭኗ ላይ አቅፋ ኢስትሊ ሄደች። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችውን የይቅርታ ንግግር ልትጀምር ስትል ልጆቹ ስለነበሩ ወይዘሮዋ በዓይናቸው ከለከሏት። ጀበናዎቹን አንድ በአንድ ከጋዜጣው ፈትተው አዩ፤ ጆሮው የተጣመመውን ሲያዩ ሳቁና መደርደሪያው ላይ ከፊት አስቀመጡት። ቡና ያፈሉት ግን በቀድሞው ነው።

ታናሹ ልጅ መደርደሪያውን ሲያይ ቆይቶ «እማ፣ የዋልዳዋ ምን ትመስል ነበር?» አለ።

ወይዘሮዋ ፍሙን አስተካከሉ። «ትንሽ ነበረች» አሉ፤ «ጠይም፣ አንገተ ቀጭን።»

ልጁ ከሦስቱ የትኛዋ እንደምትቀርባት ሲያመዛዝን አቦሉ ተቀዳ። ቶናው ተቀዳ። ከደጅ የማታቱ ጥሩንባ ሲሰማ ወይዘሮዋ ወደ ልጅቷ ቦርሳ አዩ። ልጅቷ ሲኒዋን ለሦስተኛው ዘረጋች።